የጠጅ ጣዩ ደም

ጋሽ ገረሱን ሳያውቅ ኮልፌን አውቃለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሳቄ ይመጣል። አጠና ተራ ወርዶ አንድ ቆርቆሮ የገዛ ሁሉ ኮልፌን ያወቀ ይመስለዋል። የእኛ ኮልፌ ከቅመም ሱቄ ጀርባ ያለችው ጠባብ መንገድ ነበረች። የሚለየን አንድ አጥር ነው፤ ከአጥሩ ወዲህ እኔ ዙቤዳ፣ ባለቤቴ ከሊፋና ልጆቻችን፣ ከአጥሩ ወዲያ ገረሱ፣ ሚስቱ ፀጋና አንዲት ልጃቸው ሌሊሴ። አጥሩም አጥር እንዳይመስላችሁ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነው፤ በቀዳዳው ጨው ይተላለፍበታል፣ ወሬ ይተላለፍበታል፣ ሌሊሴም ራት አልጣማት ሲል ሾልካ ወደኛ ትመጣበታለች። አሁን በብሎኬት ተሠርቷል። ጎረቤት መታመሙን የምንሰማው በቴሌግራም ነው።

ጋሽ እለዋለሁ እንጂ አንተ ነበር የምለው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ግን ያን ሁሉ ዓመት እሳት የተጫጫርነውን ሰው እርስዎ ማለት አፌ አይለምድም። እሱም ሲያኮርፈኝ ብቻ ነው «ወይዘሮ ዙቤዳ» የሚለኝ። ብዙ ጊዜ ወይዘሮ ተብያለሁ፣ አልዋሽም።

ሥራው ጠጅ መጣል ነው። ከሰበታ ወዲያ ካለ ገጠር ገና ጢሙ ሳያበቅል መጥቶ አንድ ጠጅ ቤት ጋን አጣቢ ሆኖ ገባ። እያጠበ እያየ፣ እያየ እየነካካ ተማረው። እኔ ተድሬ ኮልፌ ስመጣ የራሱን ጠጅ ቤት ከፍቶ ደረስኩበት። ጠጅ ቤት ስላችሁ እንደዛሬው መብራት የሚብለጨለጭበት እንዳይመስላችሁ። ረጃጅም አግዳሚ፣ ሰጋቱራ የተበተነበት ወለል፣ ከጓዳ ለስላሳው፣ መካከለኛውና ደረቁ በየጋናቸው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ሰው ከመርካቶ፣ ከጦር ኃይሎች ታክሲ ይዞ ነበር የሚመጣው። ማሩን ስኳር አያስነካውም፤ ስኳር የሚቀላቅል ጠጅ ጣይ ስሙ ከተነሳበት ምራቁን ጢቅ ያደርግ ነበር።

የኔ ባል ከሊፋ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ሶላቱን የማያጓድል ሰው ነው። የጌሾው ሽታ በመግሪብ ሰዓት አጥር ዘሎ ሲመጣበት ይበሳጫል። አንድ ሁለቴም ተናግሮታል። ገረሱ ዝም ብሎ ሰማው። ከዚያ የከሊፋ እህት ልትዳር ስትል አንድ ጠዋት አዲስ ጋን ተሸክሞ በራችን ላይ ቆመ። «ይሄ ጋን ጌሾ አያውቅም። ከዛሬ በኋላም አያውቅም» አለ። ማሩን በውሃ በጥብጦ ብርዝ ሠራልን። ወላሂ፣ እንደዛ ያለ ብርዝ ጠጥቼ አላውቅም፤ ጉሮሮ ላይ ሲወርድ አበባው ይሸታል። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሙስሊም ሁሉ ለኒካሕም ለመውሊድም ያን ጋን ማስቀጠር ጀመረ። ስሙም «የከሊፋ ጋን» ሆነ። ከሊፋም ስለ ሽታው ሁለተኛ አፉን አልከፈተም። እንዲያውም «የዚህ ሰውዬ እጅ ሐላል ነው» ይል ነበር፣ እኔ ስቄ እስክሞት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ገረሱ ጠጪ ነው የሚል ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ሰክሮ የተንገዳገደበት ቀን የለም፣ ሚስቱ ላይ እጁን ያነሳበት ቀን የለም፣ ሌላ ሰው መጠጥ ቤት ገብቶ አያውቅም። እንዲያውም ሰካራም ይጠላል፤ ደንበኛው ምላሱ መያያዝ ሲጀምር ብርሌውን ከእጁ ይወስድና «ወንድሜ፣ ለዛሬ በቃህ» ብሎ ይሸኘዋል። እሱ ራሱ ይቀምሳል እንጂ አይጠጣም። ጠዋት ፀጋ ከመኝታዋ ሳትነሳ ጋኖቹ ጋ ሄዶ፣ የአፋቸውን ጨርቅ ገልጦ፣ ከያንዳንዳቸው ቀድቶ ቆሞ ይቀምሳል። ረፋድ ላይ ይቀምሳል። ከምሳ በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ ደንበኛ ገብቶ፣ ሲያጠልል፣ ሲደባልቅ። ጠጪ ማለት ቁጭ ብሎ የሚጠጣ ነው፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ ይላል። ጠጅ ጣይ ሁሉ እንደዛ ነው የሚያስበው። ወጥ ሠሪ ጨው ስትለካ የቀመሰችው እንደ ምሳ ይቆጠርባታል እንዴ? እኛም እንደዚያው አሰብን።

ሌሊሴ ተምራ ዓለም ባንክ አካባቢ ባንክ ቤት ገባች። የታጨችበት ዓመት ነው አባቷ የታመመው። መጀመሪያ ምግብ ዘጋው። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው፣ ጋን ማዘንበል አቃተው። ትከሻው ከሳ፣ ሆዱ ግን ተነፋ፤ እግሩ ከማበጡ ብዛት ጫማው አልገባ አለ። አንድ ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ሲያናግረኝ ዓይኑን አየሁት፤ እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ሰፈሩ ባንድ አፍ «የወፍ በሽታ ነው» አለ። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋ ነው፣ ከቡራዩ ማዶ ሥር የሚያጠጣ አዋቂ አለ፣ ሐኪም ቤት መርፌ ከወጉት አለቀለት ተባለ። ፀጋ እንደ ሰው ሁሉ አምና ሥሩን አስመጣች። እኔ ግን አንድ የአጎቴ ልጅ ያንኑ ሥር ጠጥቶ ሳምንት ሳይሞላው ቀብረነዋል። ሄጄ ሥሩን ከእጇ ነጥቄ ሽንት ቤት ከተትኩት። ፀጋ አለቀሰች፣ ገረሱም «ወይዘሮ ዙቤዳ፣ በሰው ቤት ምን አገባዎት» አለኝ። በማግስቱ ግን ሦስታችን ታክሲ ይዘን ዘነበወርቅ ሆስፒታል ወረድን።

የተቀበለችን ዶክተር ምሥራቅ የምትባል ቀጭን ሴት ናት። ድምጿ ዝግ ያለ፣ ከዓይኗ ግን የሚያመልጥ ነገር የለም። ሆዱን ዳበሰች፣ ዓይኑን ገልጣ አየች፣ መዳፉን አገላብጣ አየች። መጠጥ ይጠጡ እንደሆነ ጠየቀችው። ጠጥቼ አላውቅም አላት። ፀጋም ገብርኤልን ጠርታ ማለች፣ በትዳር ዘመኔ ሁሉ ሰክሮ ገብቶብኝ አያውቅም ብላ። እኔም ብጠየቅ እምል ነበር። ዶክተሯ ጽፋ ደም እንዲሰጥ ላከችን።

ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከዚያ ለኛ በሚገባን አማርኛ ታስረዳን ጀመር። የጉበት ቫይረስ የሚባሉት ሁለቱም የሉበትም። ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሱ ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ፣ ሁለቱም ከፍ ብለዋል፤ ግን ኤኤስቲው ከሌላኛው እጥፍ በላይ ሆኗል። ጂጂቲ የሚባለውም ጣራ ነክቷል። ቀይ የደም ሴሎቹም ከመጠናቸው ተልቀዋል። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቢመጡ በሌላም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ለብዙ ዘመን ሲጠጣ የኖረ ሰው ደም ነው የሚመስሉት አለች።

ገረሱ ፊቱ ተለዋወጠ። ደሙ ከሌላ ሰው ደም ጋር ተቀያይሮ እንደሆነ ይታይልኝ አለ። ክብሩ ተነክቷላ! እሷ አልተከራከረችውም። ሥራው ምን እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው። ጠጅ እጥላለሁ አላት። መድረሱን በምን እንደሚያውቅ ጠየቀችው። በመቅመስ ነዋ፣ በምን ይታወቃል ሌላ፣ አላት። ስንት እንደሚቀምስ ስትጠይቀው ግራ ገባው፤ ትንሽ ትንሽ ነው አለ።

ዶክተር ምሥራቅ ተነስታ ጎድጓዳ ሳህን አመጣች። በቦርሳዬ የያዝኩትን ሃይላንድ ውሃ አይታ እንድሰጣት ለመነችኝና ከአንድ የፕላስቲክ ብርጭቆ ጋር ፊቱ አስቀመጠችለት። «አባቴ፣ ይሄ ጠጅ ነው እንበል። ከጠዋት ጀምሮ እንደሚቀምሱት እየቀዱ እዚህ ሳህን ላይ ይድፉልኝ» አለችው።

ገረሱ በሥራው ቀልድ አያውቅም። የምሩን ያዘው። ይሄ የለስላሳው ነው ይልና ይደፋል፣ ይሄ የመካከለኛው፣ ይሄ የደረቁ፣ ይሄ ዛሬ የተጠለለው፣ ይሄ ደንበኛ ጣፈጠብኝ ሲል ለማረጋገጥ። ሳህኑ እየሞላ ሄደ። ሃይላንዱ ተሟጦ ሲያልቅ ቀና ብሎ አያትና «ልጄ፣ ይሄ እስከ ምሳ ያለው ነው፤ ሌላ ውሃ አለ?» አላት።

ማንም አልሳቀም። እሱ ራሱ ሳህኑን አየ። እኔ ያን ሰው በዚያ ሁሉ ዘመን ሲያፍር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር ሳይሠራ። ፀጋም ስለማለችው መሐላ ይመስለኛል፣ ከንፈሯን እየነከሰች ማማተብ ጀመረች።

ዶክተሯ አልተቆጣችውም። ጉበት የተቀመጠበትንና የተቆመበትን አይለይም፣ የገባለትን ብቻ ነው የሚቆጥረው አለችው። ከዚያ ሌላውን ነገረችን። ኢንዛይሞቹ የሚናገሩት ጉበቱ አሁን እየተጎዳ መሆኑን ነው፤ ምን ያህል ጤነኛ ጉበት እንደተረፈው አይናገሩም። ያን የሚናገሩት ሌሎች ናቸው፦ ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን፣ ጉበት የሚሠራው አልቡሚን፣ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ። በአልትራሳውንዱም አይታ ጉበቱ ጠባሳ ይዟል አለች። ገረሱ ጥቂት አሰበና በራሱ ቋንቋ ተረጎመው፦ ኢንዛይሙ የጋን አረፋ ነው ማለት ነው፤ አረፋ ጠጁ እየፈላ መሆኑን ይነግርሃል እንጂ ጋኑ ውስጥ ስንት እንደቀረ አይነግርህም። ዶክተሯ ሳቀችና በትክክል ገብቶዎታል አለችው። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳይቀምሱ አለች። ያን ያህል ዘመን የለመደን ገላ ድንገት ሲከለክሉት ይንቀጠቀጣል፣ አደጋም አለው ብላ አልጋ አስያዘችው። እውነቷን ነው፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ የሌሉ ሰዎችን ሲያናግር ፀጋና እኔ እየተፈራረቅን አስታመምነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ጠጅ ቤቱን ዘጋ። ቀማሽ ቅጠር አሉት፤ በሰው ምላስ ጠጅ አልጥልም አለ። አይ ጊዜ! ማታ ማታ ከዚያ ቤት ይመጣ የነበረው ጫጫታ፣ መሲንቆው፣ ያ የሽማግሌዎች ክርክር ቀረ። እኔ ጠጅ ሐራም የሆነብኝ ሴት የጠጅ ቤት ጫጫታ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? ግን ናፈቀኝ። የሰፈሩ ልጆች አስፋልት ዳር ተከፍቶ ድራፍት ወደሚሸጥበት ሄዱ። እዚያ ብርጭቆህን ማንም አይወስድብህም፤ «ለዛሬ በቃህ» የሚልህም የለም።

ገረሱ ግን ቃሉን ጠበቀ። ክረምቱን አልቀመሰም፣ መስከረምን አልቀመሰም፣ ልደትን፣ ጥምቀትን አልቀመሰም። ዶክተሯ የሰጠችውን መድኃኒት እየዋጠ፣ ጨው የሌለው ምግብ እየበላ ሆዱ ጎደለ፣ ዓይኑም ነጣ። ፊቱ መለስ ሲል እልል ያላልኩት ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።

የሌሊሴ ሰርግ ከፋሲካ በኋላ ተቆረጠ። ያኔ ነው ነገሩ የመጣው። የጠጅ ጣይ ልጅ ስትዳር የሌላ ሰው ጠጅ ይቀርባል? ገረሱ ይሄን ማሰብ አልቻለም። ሙሽራው ቦሩ ጥሩ ልጅ ነው፣ አባቱ ኦቦ ያደሳ ደግሞ ጊንጪ አካባቢ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ሽምግልና ሲመጡ የገረሱን ጠጅ ስም ከሩቅ ሰምተናል ብለው ተናግረዋል። ይሄን ከሰማ በኋላ ገረሱ እንቅልፍ አጣ። ማር ገዛ፣ ጋን አጠበ፣ ጌሾ ወቀጠ። ጣለውም። ችግሩ መጣሉ አይደለም፤ መድረሱን የሚያውቀው በምላሱ ነው። ያለ ምላሱ ቢጥለው ሊያፍር ነው፤ በምላሱ ቢጥለው ሊሞት ነው።

በዚያው ሰሞን የቀጠሮ ደሙን አንድ የግል ላቦራቶሪ ሰጥቶ ውጤቱ በሌሊሴ ስልክ መጣ። ግቢው ውስጥ ተሰብስበን ነበር። ሌሊሴ ስልኳን ይዛ ታነባለች። ኤኤስቲ፣ ልክ ሆኗል። ኤኤልቲ፣ ልክ ሆኗል። ጂጂቲ፣ ወርዷል። ከዚያ ቀጠለች፦ አልቡሚን፣ ወደ ታች ቀስት አለው። ፕላትሌት፣ ወደ ታች ቀስት አለው። ፀጋ «ሁሉም ወረደለት! ተመስገን!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። የእኛን ሰፈር ታውቁት የለ፤ አንዱ ቤት ስኳር፣ አንዱ ቤት ደም ግፊት ነው፤ ሰው ሲገናኝ «ወረደልህ?» ነው የሚባባለው፤ የወረደለት ደስታ ነው። የማይወርድ ደስታ እኛ ዘንድ የለም። ሁለት ወደ ላይ የሚያሳዩ ቀስቶች ነበሩ፣ ቢሊሩቢኑና የደም መርጊያው፤ እነሱም ቀስ ብለው ይወርዳሉ ተባለና ታለፉ። ጎረቤት በእልልታው ተጠርቶ መጣ፣ የገረሱ ጉበት ንጹሕ ሆነ የሚለው ወሬ ከኛ ቀድሞ አጠና ተራ ደረሰ።

እኔ ደስ አላለኝም። ምቀኛ ስለሆንኩ አይደለም። ስኳር አለብኝ፤ ስኳሬ ከመጠን በላይ ወርዶ ሱቄ ውስጥ በርበሬ ላይ የተዘረርኩ ሰው ነኝ። መውረድ ሁሉ መዳን እንዳልሆነ በግንባሬ ነው የተማርኩት። ስለ አልቡሚን ግን የማውቀው ነገር ስለሌለኝ ዶክተሯ ትየው ብቻ አልኩ። የሰማኝ የለም። ከሰርጉ በኋላ ይታያል አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ልጠይቃቸው ስገባ ፀጋ ገበያ ሄዳለች። ጓዳ ብቅ ስል ገረሱ ጋኑ ፊት ቆሟል። ጨርቁን ገልጦታል። ብርሌው በእጁ ነው፣ ሞልቷል፣ ወርቅ መስሏል። ፊቱን ብታዩት! ከሄደበት አገር የተመለሰ ልጁን ያየ አባት ፊት ነው። ወላሂ፣ ዞር ብዬ ልወጣ ነበር።

አልወጣሁም። ዶክተሯ አይታዋለች ወይ አልኩት። ጉበቴ ድኗል፣ አንድ ጉንጭ ምን ታደርጋለች፣ ለልጄ ነው አለኝ። ያኔ ነገሬ ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አልኩት። ልጅህን የሚድራት ጠጅ ነው ወይስ አባት አልኩት። ያን ብርሌ ካነሳህ ሰርጉ ላይ እግሬን አላነሳም፣ ልጆቼም አይመጡም፣ አጥሩንም እኔው በብሎኬት አሠራዋለሁ አልኩት። ጮኼያለሁ፣ ውሻው ሳይቀር ወጥቶ ሄዷል። ገረሱ ብርሌውን ይዞ አየኝ። «ወይዘሮ ዙቤዳ» አለኝ። ከዚያ መልሶ ጋኑ ውስጥ ደፋውና ጨርቁን አሰረ።

በዚያው ቀን ዘነበወርቅ ይዤው ሄድኩ። ዶክተር ምሥራቅ ውጤቱን ከስልኩ ላይ አየች። መጀመሪያ አመሰገነችው፤ ኢንዛይሞቹ ልክ የሆኑት መጠጡን ስላቆሙ ነው፣ ትልቅ ነገር ነው አለችው። እሱ ፈገግ አለ። ከዚያ ወንበሯን ወደሱ ሳበች። አልቡሚን ጉበት ራሱ የሚሠራው ነገር ነው፤ ወረደ ማለት የሚሠራው ጉበት አንሷል ማለት ነው። ደም እንዲቆም የሚረዳው ፕላትሌትም የወረደው በጠባሳው የተነሳ ደሙ መንገድ ጠቦት ጣፊያ ውስጥ ስለሚከማች ነው። የደም መርጊያው ጊዜም የረዘመው ጉበቱ ደም የሚያረጋውን ነገር እንደ ድሮው መሥራት ስላቃተው ነው። አልቡሚንና ፕላትሌት ሲወርዱ እልል አይባልም አለች። ኢንዛይም ልክ ሆኖም ጉበት ሊደክም ይችላል።

ገረሱ ሰርጉን ነገራት። ጠጁን ነገራት። አንድ ጉንጭ ብቻ፣ ለማወቅ ያህል ብሎ ለመናት፤ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲለምን ማየት ከባድ ነው።

«የቀረዎት ጉበት ካልነኩት ያኖርዎት ይሆናል። ቃል አልገባልዎትም። ከነኩት ግን በማንኛውም ቀን ሊወድቁ ይችላሉ። እኔ ብሆን ልጄን ስድር ብቻ ሳይሆን ስትወልድም ማየት እፈልጋለሁ» አለችው።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ረዳቱ ሂሳብ ሲል እኔ ከፈልኩ። ጦር ኃይሎች ስንደርስ ገረሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዙቤዳ፣ እኔ ጠጪ ነኝ ማለት ነው?» አለኝ። እጁን ያዝኩት። እስከ ኮልፌ ድረስ አልለቀቅኩትም፣ ተሳፋሪው ምን ያስብ ይሆን እንኳ ሳልል።

ጠጁን በጆሮና በአፍንጫ ነው የጣለው። ጆሮውን ጋኑ ላይ ለጥፎ መፍላቱን ያዳምጣል፣ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ያሸታል፣ በጣቱ ነክቶ መጣበቁን ያያል። ፀጋ ልቅመስልህ ብትለው አንቺማ ጠላ ነው የምታውቂ ብሎ አባረራት። ኩራቱ አልቀነሰም እኮ፣ በዚያ ሁሉ መከራ።

የሰርጉ ቀን ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ተተከለ። የእኛ የሙስሊሞቹ ድግስ በእኔ ግቢ ለብቻ ተሠራ፣ እኔ ግን ከፀጋ ጎን ሙሽሮቹ አጠገብ ነበርኩ። የወንዱ ወገን ገብቶ ተቀመጠ። ጠጁ መጣ። ለመጀመሪያው ብርሌ አሳላፊው አልተጠራም፤ ገረሱ ራሱ አዲስ ጋቢውን ለብሶ ለኦቦ ያደሳ ቀዳ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ መጠጥ የሚያቀርብ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንግዳው ፊት ይቀምሳል። ካልቀመሰ ክፉ አስቦልሃል ማለት ነው። ኦቦ ያደሳ ብርሌውን ተቀበሉና አፉን ወደ ገረሱ መዳፍ ዘንበል አድርገው ጠበቁ።

ገረሱ መዳፉን አልዘረጋም።

ዘፋኙ ጠብ የተነሳ መሰለውና አቆመ። የአምቦ መንገድ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሌሊሴ ከወንበሯ ልትነሳ ስትል ቦሩ እጇን ያዛት። ገረሱ አመመኝ ሊል ይችል ነበር፣ ስእለት አለብኝ ሊል ይችል ነበር፣ ማንም ያምነዋል። እኔ በልቤ ይሄንኑ እንዲል እየለመንኩ ነበር።

«ኦቦ ያደሳ፣ እኔ አልቀምስም» አለ። ድምፁ መጨረሻ ከተቀመጡት ድረስ ይሰማል። «ጠጪ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀማሽ ነኝ እያልኩ ጠጣሁ፤ ደሜን ሲያዩት ታወቀብኝ። ጉበቴ አልቋል፣ የተረፈችውን ለልጄ አስቀምጫለሁ። ይሄን ሳይሰሙ ልጄን እንዲወስዱብኝ አልፈልግም። ጠጁንም አልቀመስኩት። ደርሶ ይሁን ሳይደርስ አላውቅም።»

ፀጋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ የአላህን ስም ጠራሁ። ኦቦ ያደሳ ገረሱን አዩት፣ ብርሌውን አዩት። ከዚያ ማንም ያልቀመሰውን ጠጅ አንስተው ጠብታ ሳያስቀሩ ጨለጡት። ጢማቸውን ጠረጉ። ትንሽ አጣጣሙና «ገረሱ፣ ይሄ ጠጅ አልደረሰም፤ ገና ብርዝ ነው» አሉት።

ገረሱ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም፤ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እየወረደ። ኦቦ ያደሳም ሳቁ፣ ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ፣ ሌሊሴ ሮጣ መጥታ በሙሽራ ልብሷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ያን ያልደረሰ ጠጅ እየተሳሳቁ ጨረሱት። ገረሱ በዘመኑ የጣለው መጥፎ ጠጅ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊሴ ወልዳ፣ ልጅቷ ድክ ድክ ብላ፣ እጁን ይዛ ሱቄ ድረስ እየጎተተችው ከረሜላ እስክታስገዛው ድረስ ኖረልን።